መንጋጋዬ ቋ ይላል፣ አንገቴ አልዞር ይላል፤ ውዝዋዜ ልተው?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የ26 ዓመት ሴት ነኝ፤ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የባህል ምሽት ቤት ተወዛዋዥ ሆኜ እሠራለሁ። በሳምንት አምስት ማታ መድረክ ላይ ነን፤ በአንድ ማታ የጎጃሙን፣ የጎንደሩን፣ የወሎውን እስክስታ፣ ከዚያ የትግርኛውን፣ የኦሮምኛውን፣ የጉራጌኛውን ልብስ እየቀየርን እንጫወታለን። ከመስከረም ወዲህ አፌን ስከፍት በግራ ጆሮዬ አጠገብ ቋ ይላል። ጠዋት ስነሳ ሌሊቱን ሙሉ ሳኝክ ያደርኩ ይመስል መንጋጋዬ ይዝላል፣ ራሴን ግራና ቀኝ ያመኛል። አንገቴም ወደ ግራ ስዞር ይይዘኛል። የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ጥርስሽን ታፋጫለሽ ብለው ሌሊት የሚጠለቅ ፕላስቲክ አዘዙልኝ፤ ስለ አንገቴ ግን አልጠየቁኝም። እናቴ ብርድ ነው ትላለች። አያቴ መንጋጋ ቆልፍ እንዳይሆን ብላ አስፈራራችኝ። ጓደኛዬ ደግሞ አንገት ቋ አድርጎ የሚመልስ ወጌሻ አለ፣ እንሂድ እያለችኝ ነው። የቡድናችን መሪ ማረፍ ከፈለግሽ ሌላ ሰው እናስገባለን ብሎኛል። ሌላ ገቢ የለኝም፤ ሥራውንም እወደዋለሁ። ልተወው ወይስ ምን ላድርግ? ቅዳሜና እሑድ እንቅልፍ እንዳይወስደኝ ትንሽ ጫት እቅማለሁ፤ ከሱ ጋር ይገናኝ ይሆን?»

መልስ፦

እህቴ፣ አትተዪው። ከጻፍሽልኝ ምልክቶች ውስጥ ከመድረክ የሚያስወርድሽ አንድም አላገኘሁም። መለወጥ ያለበት የምትወዛወዢበት መንገድ ነው። እንደሚመስለኝ ደረትሽና ጀርባሽ ሊሠሩት የሚገባውን ሥራ አንገትሽ ላይ ጥለሽዋል፤ አንገትሽ ሲጨነቅ መንጋጋሽ አብሮት ይጨነቃል። ጥርስሽን አንዱ፣ አንገትሽን ሌላው፣ ጀርባሽን ሦስተኛው ሰው ለየብቻ ቢያይልሽ ሦስት በሽታ ያለብሽ ይመስልሻል። እኔ ግን ከደብዳቤሽ የማነበው አንድ ነገር ነው። የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ እንደመሆኔ፣ ስለ መንጋጋ የሚጠይቀኝን ሰው ሁልጊዜ የማየው ከወገቡ ጀምሬ ነው።

የአያትሽን ፍርሃት ቶሎ ላንሳልሽ። መንጋጋ ቆልፍ፣ ማለትም ቴታነስ፣ በቁስል የሚገባ ባክቴሪያ የሚያመጣው በሽታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከቁስሉ በኋላ ከ3 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ይጀምርና በቀናት ውስጥ እየባሰ መንጋጋን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል፣ ጀርባንም ያደርቃል። ወራት የቆየ፣ እየጮኸም ቢሆን የሚከፈት መንጋጋ ቴታነስ አይደለም። ክትባትሽን ጨርሰሽ ካልወሰድሽ ግን የአያትሽን ስጋት ሰበብ አድርገሽ ጤና ጣቢያ ሂጂና ተከተቢ።

አሁን ሁለቱን ሌባ ጣቶችሽን ከጆሮሽ ቀዳዳ ፊት ለፊት፣ ጉንጭሽ ላይ አስቀምጪና አፍሽን ቀስ ብለሽ ክፈቺ። ከጣትሽ ሥር የሚላወሰው የታችኛው መንጋጋሽ ጫፍ ነው። መጀመሪያ ባለበት ይሽከረከራል፤ አፍሽ ሰፋ ሲል ደግሞ ወደ ፊት ይንሸራተታል። በእሱና በራስ ቅልሽ መካከል ትንሽ ዲስክ፣ ትራስ መሰል ነገር፣ አለች፤ አጥንቱ ወደ ፊት ሲሄድ አብራው መሄድ አለባት። ከቦታዋ ጥቂት ወደ ፊት ካፈነገጠች፣ አፍ ሲከፈት አጥንቱ ተመልሶ ከሥሯ ሲገባ ቋ ይላል። የምትሰሚው ድምፅ በአብዛኛው ይኸው ነው። ሕመም ከሌለውና አፍ ካልቆለፈ ድምፁ ብቻውን ሕክምና አይፈልግም፤ መንጋጋው ቋ የሚል ጤነኛ ሰው ብዙ ነው። ድምፁን ለማጥፋት ብለሽ ጥርስ ማስሞረድ ወይም ቀዶ ሕክምና ውስጥ እንዳትገቢ። የተሞረደ ጥርስ አይመለስም።

የሚያሳስበኝ ከድምፁ ይልቅ የጠዋቱ ዝለት ነው። ለማኘክ የሚያገለግሉ ዋና ዋና ጡንቻዎች በእያንዳንዱ ጎን አራት ናቸው። አንዱ ጥርስሽን ነክሰሽ ጉንጭሽን ብትነኪው ጠንክሮ የሚወጣው ነው። ሌላው ከጆሮሽ በላይ በራስሽ ጎን ተዘርግቶ ይገኛል፤ ጠዋት ግራና ቀኝ የሚያምሽ እሱ ሌሊቱን ሲሠራ ስላደረ ነው። ሁለቱ ከመንጋጋው በስተውስጥ ስላሉ በጣትሽ በቀላሉ አታገኚያቸውም። እነዚህ ጡንቻዎች ለትልቅ ኃይል የተሠሩ ናቸው፤ ጉልበታቸውን ግን በማዕድ ጊዜ ተጠቅመው በቀሪው ሰዓት ማረፍ አለባቸው። ሳንበላ ሳንውጥ ስንቀመጥ የላይና የታች ጥርሳችን መነካካት የለበትም፤ በመካከላቸው ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት ሊኖር ይገባል። ይህን ስታነቢ የአንቺ ጥርሶች የት ናቸው? ብዙ ሰው ይህ ጥያቄ ሲቀርብለት ነክሶ ራሱን ያገኛል።

ወደ አንገት እንውረድ። የአንገት አጥንቶች 7 ናቸው። የመጀመሪያው ቀለበት ነው፤ ራስሽ የተቀመጠው በእሱ ላይ ሲሆን፣ ራስሽን ነቅንቀሽ «አዎ» የምትይው በዋናነት በዚያ መገጣጠሚያ ነው። ሁለተኛው ወደ ላይ የቆመ ጥርስ መሰል አጥንት አለው፤ ቀለበቱ በዚያ ዙሪያ ይዞራል። አንገታችን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ከሚዞረው ግማሽ ያህሉ የሚገኘው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ብቻ ነው። ሌላውን ግማሽ ከሥር ያሉት ይካፈሉታል። ስለዚህ አንገትሽ ወደ ግራ ሲይዝሽ ሥሩ ብዙ ጊዜ ያለው ከላይ፣ ከማጅራትሽ በላይ፣ የራስ ቅልሽ ሥር ነው። ይህ ቦታ ደግሞ የመንጋጋሽ ጎረቤት ነው።

ጉርብትናው በቦታ ብቻ አይደለም። በስዊድን የኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ሰዎች አፋቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ የመንጋጋንና የራስን እንቅስቃሴ አብረው ለኩ። አፍ ሲከፈት ራስ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ አፍ ሲዘጋ ይመለሳል። የመንጋጋና የአንገት ጡንቻዎች አንድ ትእዛዝ የተቀበሉ ያህል አብረው ይሠራሉ። ራስሽ ልትሞክሪው ትችያለሽ፤ ትልቅ ጉርሻ ሲመጣልሽ አገጭሽ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ግንባርሽም ወደ ኋላ ሲል ታገኚዋለሽ። አንገቱ የታሰረ ሰው አፉን በነፃነት ሊከፍት አይችልም፤ መንጋጋው ያለ ረዳት ይቀራል።

ሕመሙም መንገድ ይጋራል። የፊትና የመንጋጋ ስሜት የሚያደርሰው ነርቭና ከላይኛው አንገት የሚነሱት ሦስት ነርቮች መልእክታቸውን የሚያራግፉት በአንጎል ግንድና በላይኛው ሰረሰር ውስጥ በሚገኝ አንድ ስፍራ ነው። አንጎል መልእክቱ ከየትኛው እንደመጣ ይምታታበታል። በዚህ ምክንያት የአንገት ችግር ከዓይን ጀርባ፣ ከጆሮ ሥር፣ ከመንጋጋ ላይ ይሰማል። ጤነኛ ጥርሳቸውን አስነቅለው ሕመሙ የቀጠለባቸው ሰዎች አሉ፤ ያሳዝናል።

ሌላም ማያያዣ አለ፤ ለተወዛዋዥ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ይመስለኛል። ከአገጭሽ ሥር፣ ከጉሮሮሽ በላይ፣ ከሌላ አጥንት ጋር የማይገናኝ ትንሽ ቅስት አጥንት አለ። ምላስ የሚያርፍበት እሱ ነው፤ በጡንቻና በጅማት ብቻ ተንጠልጥሎ ይኖራል። ጡንቻዎቹ ወደ ላይ ወደ መንጋጋና ወደ ራስ ቅል፣ ወደ ታች ወደ ደረት አጥንት ይሄዳሉ። ከእነሱ አንዱ አንገትን አቋርጦ እስከ ጠፍጣፋው የትከሻ አጥንት ድረስ ይደርሳል። እስክስታ ስትመቺ ትከሻሽ ከምላስሽና ከመንጋጋሽ ጋር በዚህ ቀጭን ጡንቻ ይያያዛል ማለት ነው።

ትከሻሽ ራሱ በምን እንደተያዘ ልብ በይ። ጠፍጣፋው የትከሻ አጥንት ከቀረው አጽም ጋር በአጥንት የሚገናኘው ከአንገት ሥር ጎልቶ በሚታየው ቀጭን አጥንት በኩል ብቻ ነው። የቀረውን የሚይዙት ጡንቻዎች ናቸው። ከጎድን አጥንቶችሽ ላይ እየተንሸራተተ የሚወጣ የሚወርደው፣ ወደ ፊት ወደ ኋላ የሚለው ለዚህ ነው፤ እስክስታ የሚቻለውም በዚህ ነፃነት ነው። ትከሻን ወደ ላይ ከሚስቡት ጡንቻዎች ግን ሁለቱ ትልልቆቹ የሚነሱት ከራስ ቅልና ከላይኛዎቹ የአንገት አጥንቶች ነው። ወደ ታችና ወደ ፊት የሚይዙት ደግሞ ከጎድን አጥንቶችና ከመካከለኛው ጀርባ ይነሳሉ። የታችኞቹ ከደከሙ ወይም ደረት ደርቆ ከቆመ፣ የላይኞቹ ብቻቸውን ትከሻን ሲያነሱ ሲጥሉ ያመሻሉ፤ በእያንዳንዱ ምት አንገትን ይጎትቱታል። ሁለት ሰው ሊሸከመው የሚገባን ሸክም አንዱ ብቻውን ሲሸከመው የሚሆነው ነው።

ደረት ለምን ይደርቃል? የደረት አከርካሪ 12 አጥንቶች አሉት፤ 12 ጥንድ ጎድን አጥንቶች ከእነሱ ይነሳሉ። የላይኞቹ ሰባት በቀጥታ ከፊት ካለው የደረት አጥንት ጋር ይያያዛሉ፣ ቀጥለው ያሉት ሦስቱ ከላያቸው ባለው ልም አጥንት በኩል ይደርሳሉ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ፊታቸው ነፃ ነው። ይህ ሁሉ አጥንት ሲታይ ግትር ይመስላል፤ የላይኛው አካል መዞር ግን በአብዛኛው የሚገኘው ከዚህ ነው። ብዙ ሰው ወገቤን አዞርኩ ሲል የዞረው ደረቱና ዳሌው ነው። የወገብ 5 አጥንቶች የተሠሩት ለመጎንበስና ለመቃናት ነው፤ ለመዞር የሚፈቅዱት ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ደረትሽ ካልዞረ ትርፉን ወይ ከወገብሽ ወይ ከአንገትሽ ትወስጃለሽ። አንቺ ከአንገትሽ እየወሰድሽ ነው።

ከመድረክ ኋላ ያለውን ኑሮ ሳስብ ምክንያቶቹ ይታዩኛል። ተራሽን እስኪደርስ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ስልክ ላይ አጎንብሰሽ ትቀመጫለሽ፤ ከዚያ ብድግ ብለሽ ትገቢያለሽ። መቀነቱ ልብሱ እንዳይፈታ ተብሎ ከጎድን አጥንትሽ በታችኛው ዳር ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ የታችኛው ደረትሽ ሊሰፋ ስለማይችል ትንፋሽሽ ወደ ላይ፣ ወደ አንገትሽ ይወጣል። ፈገግታ ደግሞ የሥራው ግዴታ ነው። ለረጅም ሰዓት ፈገግ ያለ ሰው ሳያውቀው የኋላ ጥርሱን ይነክሳል። ፈገግታሽን በመስታወት ተለማመጂው፤ ከንፈር ይከፈት፣ ዓይን ይሳቅ፣ የኋላ ጥርስ ግን ይለያይ። ከመድረክ በታች ያለ ሰው ልዩነቱን አያይም። መቀነቱንም ዝቅ አድርገሽ ወገብሽ ላይ እሰሪው፤ ስታጠብቂ ትንፋሽሽን ስበሽ ሁኚ።

ትንፋሽ ላይ ትንሽ ልቆይ። ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ ድያፍራም ነው፤ ከጎድን አጥንቶች ሥር ተዘርግቶ ይገኛል። ትእዛዙን የሚያመጣለት ነርቭ ግን የሚነሳው ከአንገት ነው፤ ከሦስተኛው፣ ከአራተኛውና ከአምስተኛው የአንገት ነርቮች። የአንገት ጡንቻዎች የላይኛዎቹን ጎድን አጥንቶች እያነሱ መተንፈስን የሚያግዙት ሰው ሲሮጥ ወይም ሲጨነቅ ነው። ትንፋሽን ይዞ የሚወዛወዝ ሰው እነዚህን ረዳቶች ያለ እረፍት ያሠራቸዋል። ነባሮቹ ተወዛዋዦች በምቱ ላይ «እስ! እስ!» እያሉ ትንፋሽ ሲያወጡ ሰምተሻል። ይህን ለጌጥ ብቻ የሚመስላቸው ወጣቶች ትተውታል፤ እኔ ግን ከሁሉ በፊት እንድትመልሺው የምፈልገው ይህን ነው። በምት በምቱ ትንፋሽ ሲወጣ ሆድ ይሰበሰባል፣ ደረት ይንቀሳቀሳል፣ መንጋጋ ለመንከስ ፋታ አያገኝም።

አሁን የምታደርጊውን ልንገርሽ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አፍሽን የት እንደምታሳርፊ ተማሪ። «ን» ብለሽ ድምፅ አውጪና ምላስሽ ባለበት ይቆይ፤ ጫፏ ከላይኛው የፊት ጥርስ ጀርባ፣ ላንቃሽ ላይ ናት። ከንፈርሽ ይገጠም፣ ጥርስሽ ይለያይ፣ በአፍንጫሽ ተንፍሺ። የማረፊያ ቦታው ይህ ነው። ታክሲ ስትገቢ፣ ስልክ ስታነሺ፣ ልብስ ስትቀይሪ፣ በየምክንያቱ ራስሽን ጠይቂ። በቀን የመንከስ ልማድ ሲላላ ጡንቻው ለሌሊቱ ድካም ይዞ አይገባም። ከዚያ ምላስሽን ላንቃሽ ላይ እንደያዝሽ አፍሽን ክፈቺና ዝጊ። ምላሷ እስካልተላቀቀች ድረስ መንጋጋው ይሽከረከራል እንጂ ብዙ አይንሸራተትም፤ ብዙ ጊዜም ቋ አይልም። በመስታወት ፊት ቀጥ ብሎ መውረዱን እያየሽ ስድስት ጊዜ፣ በቀን ደጋግመሽ አድርጊው። ስታዛጊ አገጭሽን በእጅሽ ከሥር ደግፊ።

ለአንገት፣ ጠዋት ከአልጋ ሳትወርጂ በጀርባሽ ተኝተሽ ከራስሽ ሥር የታጠፈ ነጠላ አድርጊ። ራስሽን ሳታነሺ፣ በትንሹ ብቻ «እሺ» እንደሚል ሰው አገጭሽን ወደ ጉሮሮሽ ሳቢው። 10 ሰከንድ ያዢ፣ ልቀቂ፤ እስከ 10 ጊዜ ድገሚው። እጅሽን ጉሮሮሽ ግራና ቀኝ አድርጊ፤ ከጆሮ ጀርባ ወደ ደረት የሚወርዱት ሁለቱ ረጃጅም ጡንቻዎች ከተገተሩ በጣም እየገፋሽ ነው። የምንፈልጋቸው ከእነሱ ጀርባ፣ አጥንቱን ተጠግተው ያሉትን ትንንሾቹን ነው። ከባድ አይመስልም፤ ነገር ግን ለአንገት ሕመም ከሚሰጡ ልምምዶች ሁሉ በጥናት በደንብ ከተደገፉት አንዱ ነው፤ እኔም የማምነው በዚህ ነው።

ለደረትሽ በጎንሽ ተኚ፣ ጉልበቶችሽን ወደ ሆድሽ አጥፈሽ ደርቢያቸው፣ ሁለት እጅሽን ፊት ለፊት ዘርጊ። የላይኛውን እጅ እያነሳሽ ወደ ኋላ ውሰጂውና ደረትሽን ወደ ጣሪያው ክፈቺ፤ ጉልበትሽ ከቦታው አይነሳ። ትንፋሽሽን እያወጣሽ በእያንዳንዱ ጎን ስምንት ጊዜ። ሲበቃሽ ጋቢ ጠቅልለሽ በትከሻ አጥንቶችሽ መሃል አግድም አድርጊና ሁለት ደቂቃ ተኚበት። ከዚያ ተነሺና ሁለት መዳፍሽን ግድግዳ ላይ በትከሻሽ ልክ አሳርፊ፤ ክንድሽን ሳታጥፊ ግድግዳውን ግፊው፣ ጀርባሽ በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መሃል ወደ ኋላ ሲሞላ ይሰማሻል። በጎድንሽ በኩል ያለው፣ ትከሻን ከደረት ጋር የሚያጣብቀው ጡንቻ የሚጠነክረው እንዲህ ነው።

መድረክ ከመውጣትሽ በፊት ደግሞ 10 ደቂቃ ለራስሽ ስጪ። ከበሮው ሳይመታ እስክስታውን በጣም በዝግታ ምቺው። ትከሻሽን ወደ ላይ ስታነሺ ሳይሆን ወደ ታች ስታወርጂ ጉልበት አውጪ፤ አንገትሽ ረዥም ይሁን። ከዚያ ቀስ በቀስ አፍጥኚው። ፀጉርሽን እያወናጨፍሽ አንገትሽን የምታሽከረክሪበትን ጨዋታ ግን ለአራት ሳምንት ያህል እንድትተይው እለምንሻለሁ። የሰው ራስ 5 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በፍጥነት ሲሽከረከር አንገት ላይ የሚያሳርፈው ጉልበት ከክብደቱ በብዙ ይበልጣል። ስትመለሺበት እንቅስቃሴው ከእግርሽና ከደረትሽ ይነሳ፣ ራስሽ የመጨረሻው ተከታይ ይሁን። ከአንገት የሚጀመር ሽክርክሪት ለዓይንም አያምርም፤ ደረት የሌለበት ስለሆነ ባዶ ይመስላል።

ምግብ ላይ ለጥቂት ሳምንት ቆሎውን፣ ጥሬ ሥጋውን፣ ሸንኮራውንና ማስቲካውን ተዪ። ጉርሻ ሲሰጡሽ አነስ አድርጉልኝ በያቸው፤ የሚወድሽ አይቀየምም። ለስላሳ እንጀራና ወጥ ይበቃል፤ በሁለቱም ጎን እኩል አኝኪ።

ጫቱን በደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ ጣል አድርገሽው አለፍሽ፤ እኔ ግን ላልፈው አልችልም። ይገናኛል፣ ያውም በሁለት በኩል። ጉንጭ ሞልቶ ለሰዓታት በአንድ ጎን መቃም ለመንጋጋ መገጣጠሚያ ረጅም የሥራ ቀን ነው። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን ደግሞ አነቃቂ ነው፤ እንደሌሎቹ አነቃቂዎች ጥርስ ያስነክሳል፣ እንቅልፍ ያባርራል፣ የተቆራረጠ እንቅልፍም ማፋጨትን ያባብሳል። የምትቅሚው በግራ ጉንጭሽ ከሆነ የሚጮኸው ግራው መሆኑ አይገርመኝም። በምሽት የሚጠጣ ብዙ ቡና፣ አልኮልና ሲጋራም ከሌሊት ማፋጨት ጋር ይያያዛሉ። እየፈረድኩብሽ አይደለም፤ ሌሊት የሚሠራ ሰው መንቃት እንዳለበት አውቃለሁ። ከሥራ በፊት ከሰዓት በኋላ ግማሽ ሰዓት መተኛት ብትችዪ ከጫቱ የተሻለ ያደርስሻል።

የጥርስ ሐኪምሽ ያዘዙልሽ ፕላስቲክ ትክክል ነው፣ አጥልቂው። ሥራውን ግን እወቂ፤ ጥርስሽ እንዳይፋቅ ይከላከላል፣ ማፋጨቱን ከሥሩ አያቆምም። ሲጠብቅሽ ወይም ጠዋት ሕመሙ ሲብስ ወደ እሳቸው ተመልሰሽ አስተካክይው።

እናትሽም ከእውነት አልራቁም። ብርድ መገጣጠሚያ አያበላሽም፤ በላብ ረጥቦ በሌሊት አየር መውጣት ግን የደከመን ጡንቻ ሊያኮማትረው ይችላል። አንገትሽን ሸፍነሽ ውጪ። ማታ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረሽ የጨመቅሽውን ፎጣ መንጋጋሽና ማጅራትሽ ላይ 15 ደቂቃ ያህል አቆዪው፤ እንዳያቃጥልሽ በእጅሽ ለኪው።

ወጌሻው ጋ ግን አትሂጂ፤ ለአንገት ብዬ ነው። ወጌሻን የምንቅ ሰው አይደለሁም፤ በብዙ አካባቢ ለሕዝቡ ቅርብ የሆነ እጅ እሱ ነው። አንገት ግን ሌላ ነው። ወደ አንጎል ደም ከሚወስዱት ሥሮች ሁለቱ በአንገት አጥንቶች ጎንና ጎን ባሉ ቀዳዳዎች ውስጥ ያልፋሉ፤ ከላይ የመጀመሪያውን ቀለበት አጥንት ጠምዝዘው ይዞራሉ። አንገት በድንገትና በኃይል ሲጠመዘዝ የሥሩ የውስጥ ግድግዳ ሊሰነጠቅና ደም ሊረጋ ይችላል፤ ውጤቱ ስትሮክ ነው። በየቀኑ የሚደርስ ነገር አይደለም፤ ሲደርስ ግን የ26 ዓመት ሰው አልጋ ላይ ይቀራል። ያ «ቋ» የሚለው ድምፅም አንዳች ነገር ወደ ቦታው መመለሱን አያሳይም፤ በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ የሚፈጠር የጋዝ ክፍተት ድምፅ ነው። ማሸት ከሆነ ጓደኛሽ በዘይት ማጅራትሽንና ትከሻሽን ቀስ ብላ ታሽሽ፣ ደስ ይለኛል። ማንም ራስሽን ይዞ አይጠምዝዘው።

ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሐኪም ቤት የሚያስኬዱሽን ምልክቶች ልብ በይ። እጅሽ ወይም ጣቶችሽ ከደነዘዙ ወይም ከላሉ፣ አረማመድሽ ከተወላገደ፤ ድንገተኛ ከባድ የአንገት ሕመም ከማዞር፣ ከሁለት ከማየት ወይም ከአንደበት መያያዝ ጋር ከመጣ፤ አፍሽ ተከፍቶ አልዘጋ ካለ ወይም ተዘግቶ ሁለት ጣት እንኳ ካላስገባ፤ ጉንጭሽ አብጦ ትኩሳት ካለው፤ አንገትሽ ላይ የማይጠፋ እብጠት ከወጣ። ይህን አምድ ለሚያነቡ ታላላቆች ደግሞ፦ ደረጃ ስትወጡ መንጋጋችሁንና አንገታችሁን ጨምድዶ የሚይዝ፣ ስታርፉ የሚለቅ ሕመም የልብ ሊሆን ስለሚችል የጥርስ ሐኪም ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ልባችሁን ታዩ።

ለቡድናችሁ መሪ የምትነግሪው «ልረፍ» ሳይሆን «ቅደም ተከተሉን እንቀይር» ይሁን። አንገት የሚበዛባቸው ሁለት ጨዋታዎች ተከታትለው አይምጡ፤ በመሃላቸው እግር የሚበዛበት ይግባ። የአንገቱን ጨዋታ ለአራት ሳምንት ከጓደኛሽ ጋር ተቀያየሪ። ሰውነት ማሟሟቂያውን ለሁላችሁም አንድ ላይ ብታደርጉት እሱም ይጠቀማል፤ የተጎዳ ተወዛዋዥ መተካት ለእሱም ቀላል አይደለም።

ዛሬ ሁለት ነገር ለክተሽ ጻፊ። የራስሽን ሦስት ጣቶች፣ ሌባውን፣ መሃሉንና የቀለበቱን፣ አንዱን በአንዱ ላይ ደርበሽ በላይና በታች የፊት ጥርስሽ መካከል ይገቡ እንደሆነ እዪ፤ ጤናማ አዋቂ አብዛኛውን ጊዜ ከ35 እስከ 55 ሚሊ ሜትር ይከፍታል። ቀጥለሽ ቁጭ በይና ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስትዞሪ አገጭሽ ወደ ትከሻሽ ምን ያህል እንደሚቀርብ እዪ። የዚህ ዓይነት የመንጋጋ ሕመም ከሚያማቸው አብዛኞቹ በቀላል እንክብካቤ ይሻላቸዋል፤ ስድስት ሳምንት ሠርተሽ ሁለቱን ልኬቶች ድገሚ። ካልተሻለሽ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ዘንድ ሂጂ፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲና በሌሎችም የሠለጠኑ ባለሙያዎች በትልልቅ ሆስፒታሎች ይገኛሉ። ስትሄጂ የጥርስ ፕላስቲክሽንና መድረክ ላይ ስትጫወቺ ከጎን በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ይዘሽ ሂጂ፤ ባለሙያው አልጋ ላይ ተኝተሽ ከሚያይሽ ይልቅ ስትወዛወዢ ቢያይሽ ደረትሽ የት ላይ እንደሚቆም ቶሎ ያገኘዋል።